ሩብ የጎደለው አየር፦ «አልቋል» የተባለ የአንድ ራቭ ፎር ሞተር ጉዳይ

9.0፣ 8.9፣ 8.6፣ 9.0። አራቱ ቁጥሮች በደረሰኝ ወረቀት ጀርባ ላይ በቀይ እስክሪብቶ ተጽፈዋል። ከሥራቸው «ዝቅተኛው 10» የሚል መስመር አለ፤ ከእሱም ሥር «ሞተር ይወርዳል» ይላል። ወረቀቱን አጥፈው በኮት ኪሳቸው ይዘው የመጡት ጎረቤቴ ናቸው። ጡረታ የወጡ የጂኦግራፊ መምህር ናቸው፤ ሰፈሩ ሁሉ ጋሼ ይላቸዋል፣ እኔም እንዲሁ። እኔ ደግሞ ለብዙ ዓመታት በቴክኒክ ትምህርት ቤት ስለ ሞተር ሳስተምር ስለኖርኩ፣ በሰፈራችን የታመመ መኪና ሁሉ መጨረሻው የእኔ በር ነው።

«እስቲ አንብብልኝ» አሉኝ። «ይታከማል ወይስ ይቀበራል?»

መኪናቸው እ.ኤ.አ. የ1996 ቶዮታ ራቭ ፎር ናት፤ ባለ አምስት በር፣ ካምቢዮዋ ማኑዋል፣ አራቱም ጎማ የሚጎትት። ራቭ ፎር በጃፓን ገበያ ላይ የዋለው በ1994 ነው። የጭነት መኪና ሻንሲ ሳይኖረው፣ በአውቶሞቢል አካል ላይ ከፍ ብሎ የቆመ፣ ቀለል ያለ የገጠርና የከተማ መኪና ነበር። የአዲስ አበባ ሰው ወዲያው ወደደው፤ እስከ ዛሬም አልተወውም። አለመተዉ የፍቅር ጉዳይ ብቻ አይደለም። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ አሮጌ መኪና ማስገባትን እጅግ አስወደደው፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከለከለ። ስለዚህ ሌላ አገር ቢሆን ለቁርጥራጭ ብረት የሚሸጥ የሠላሳ ዓመት መኪና እዚህ ቤተሰቡ የሚመካበት ንብረት ነው። «ሞተሩ አልቋል» የሚለው ቃል ለጋሼ የሁለት ዓመት ጡረታ ማለት ነበር።

የጋሼ አቤቱታ አጭር ነው። በማርያም በዓል ወደ እንጦጦ ሲወጡ፣ ከሽሮ ሜዳ በላይ ያለውን ዳገት ድሮ በሁለተኛ ማርሽ ይገፉት ነበር። ካለፈው ዓመት ወዲህ ግን መኪናዋ በሁለተኛ ማርሽ ታቃስታለች፤ ወደ አንደኛ ካልመለሷት አትሄድም። ቤንዚን መብላቷም ጨምሯል። ሌላ የሚታይ በሽታ የለባትም፤ አታጨስም፣ ቆማ ስትሠራ አትንቀጠቀጥም፣ በዳሽቦርዱ ላይም የሚበራ የማስጠንቀቂያ መብራት የለም።

ሞተሩን የለካው አዲሱ ገበያ አካባቢ የሚሠራ ወጣት መካኒክ ነው። መጀመሪያ ስሰማ፣ እውነቱን ለመናገር፣ ግዴለሽ ሰው መስሎኝ ነበር። ሄጄ ሳየው ግን ተሳስቼ ነበር። የሞተሩን የጥገና መጽሐፍ ቅጂ በፕላስቲክ አስጠርዞ ይዟል። ልኬቱንም ያካሄደው መጽሐፉ በሚለው መንገድ ነው፤ ሞተሩን አሙቆ፣ አራቱንም ካንዴላ አውጥቶ፣ የቤንዚን ፔዳሉን እስከ ታች አስረግጦ፣ ባትሪው ሙሉ መሆኑን አረጋግጦ። መጽሐፉ ለዚህ ሞተር የኮምፕሬሽን ግፊቱ (ፒስተኑ በሲሊንደሩ ውስጥ አየሩን ሲጨምቅ የሚፈጠረው ግፊት) በአንድ ካሬ ሴንቲሜትር 12.5 ኪሎ ይሁን ይላል፤ ከ10 በታች ከወረደ ሞተሩ ይከፈት፤ በሲሊንደሮች መካከል ያለው ልዩነት ከ1 ኪሎ አይብለጥ። የጋሼ ሞተር አራቱም ሲሊንደሮች ከ10 በታች ናቸው። ልጁ መጽሐፉን ታዘዘ። ሁለት አማራጭ ሰጣቸው፤ ወይ ሞተሩ ወርዶ ይታደስ፣ ወይ ከሶማሌ ተራ ያገለገለ ሞተር ይገዛ።

ጥሩ መሣሪያ፣ ትክክለኛ መጽሐፍ፣ ጥንቁቅ እጅ፣ የተሳሳተ ፍርድ። ጉዳዩን ለመጻፍ የተነሳሁት ይህ ስለገረመኝ ነው።

መጀመሪያ የትኛው ሞተር እንደሆነ እናረጋግጥ ብዬ ተነሳሁ። ሊብሬው ላይ የሞተሩ ቁጥር በ«3ኤስ» ይጀምራል፣ ይዘቱ 1,998 ሲሲ ነው። ነገር ግን በሞተሩ አካል ላይ የተቀረጸው «3ኤስ» የሚናገረው ስለ ታችኛው ግማሽ ነው፤ ከላይ የተጫነው ቴስታታ፣ ማለትም ቫልቮቹ ያሉበት የላይኛው ክፍል፣ ኤፍኢ የተባለው ዓይነት ይሁን ጂኢ አይገልጽም። ልዩነቱ ደግሞ ቀላል አይደለም። ቶዮታ ለጃፓን ገበያ በአንዳንድ ራቭ ፎሮች ላይ 3ኤስ-ጂኢ ገጥሟል፤ እሱ 165 የፈረስ ጉልበትና ከዚያም በላይ የሚያወጣ፣ የስፖርት መኪና ሞተር ነው፤ ዝርዝር ቁጥሮቹም ሌሎች ናቸው። በተሳሳተ ሞተር ገጽ ላይ ቆሞ መከራከር ደግሞ በየጋራዡ ያየሁት ነገር ነው። መለያው ቀላል ነው፤ የላይኛውን የታይሚንግ ቺንጊያ ሽፋን መክፈት። በጂኢው ቺንጊያው ሁለቱንም ካምሻፍት፣ ማለትም ቫልቮቹን የሚከፍቱትን ዘንጎች፣ ይነዳል፤ በኤፍኢው አንዱን ብቻ ይነዳና ሁለተኛው ከመጀመሪያው በጥርስ ተያይዞ ይዞራል። ከፈትን፤ አንድ መዘውር። 3ኤስ-ኤፍኢ ነው። ሲሊንደሩ 86 ሚሊሜትር ስፋት፣ ፒስተኑ የሚጓዘው 86 ሚሊሜትር፣ የመጭመቅ ምጥጥኑ (አየሩ በስንት እጥፍ እንደሚጨመቅ) 9.5 ለ1፣ አካሉ ብረት፣ ቴስታታው አሉሚኒየም፣ 16 ቫልቭ።

ሽፋኑ ተከፍቶ ሳለ ሌላም ነገር አየን። ቺንጊያው አንድ ጥርስ ዘሎ ቢሆን ኖሮ የአራቱም ሲሊንደሮች ግፊት እኩል ይወርድ ነበር፤ ምልክቱም ልክ እንደዚህ ወረቀት ይሆናል። ምልክቶቹን አገጣጠምን፤ ልክ ናቸው። ቺንጊያው ግን ዳር ዳሩ መሰነጣጠቅ ጀምሯል፣ መቼ እንደተቀየረም የሚያውቅ የለም። የዚህ ሞተር አንዱ ደግነት፣ ቺንጊያው ቢበጠስ እንኳ ፒስተንና ቫልቭ አይጋጩም፤ መኪናው መንገድ ላይ ይቆማል እንጂ ሞተሩ አይሰበርም። ቢሆንም አዲስ እንዲገዛ አዘዝን።

ስለ ጉልበቱ ጋሼ ሦስት የተለያዩ ቁጥሮች ነበሯቸው፤ ሦስቱም ያናድዷቸው ነበር። መኪናዋን ሲገዙ ደላላው 135 የፈረስ ጉልበት ብሏቸዋል። የመካኒኩ መጽሐፍ 129 ይላል። ዴንቨር የሚኖረው ልጃቸው ፈልጎ የላከላቸው ደግሞ 120 ነው። «አንዱ ይዋሻል» አሉ። ማንም አልዋሸም። 135ቱ በጃፓን ገበያ በደቂቃ 6,000 ዙር ላይ የተሰጠ ነው፤ 129ኙ የአውሮፓ ሲሆን በ5,600 ዙር ነው፤ 120ው የአሜሪካ፣ በ5,400 ዙር። ለየገበያው የጭስ ማጣሪያው፣ የኮምፒውተሩ ቅንብር፣ የመለኪያ ደንቡና የፈረስ ጉልበቱ አቆጣጠር ሳይቀር ይለያያል። የጋሼ መኪና የመጣችው ከአውሮፓ ነው፤ ስለዚህ የእሷ ቁጥር 129 ነው፣ የመጠምዘዝ ኃይሏም 175 ኒውተን ሜትር። ሦስቱ ቁጥሮች አንድ የሚጋሩት ነገር ቢኖር አንዳቸውም አዲስ አበባ ላይ አለመለካታቸው ነው።

እዚህ ላይ ነው ጋሼ ራሳቸው መልሱን ሊያገኙት የደረሱት። «ውኃ እዚህ በስንት ዲግሪ ይፈላል?» ብዬ ጠየቅኋቸው።

«ዘጠና ሁለት ገደማ» አሉ ወዲያው፤ ሠላሳ ዓመት ያስተማሩት ነው። «አየሩ ስለሚሳሳ።» ከዚያ ዝም አሉ፤ ወረቀቱን ከእጄ ወስደው እንደገና አዩት።

ጋራዡ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,400 ሜትር ከፍ ብሎ ነው ያለው። በዚያ ከፍታ የአየሩ ግፊት 76 ኪሎፓስካል ገደማ ነው፤ በባሕር ጠለል 101 ነው። ሲካፈል 0.75 ይሆናል፤ ሩቡ የለም ማለት ነው። ሞተር ደግሞ ከአየር ፓምፕ ብዙም አይለይም። ፒስተኑ ወደ ታች ሲወርድ ሲሊንደሩን የሚሞላው በዙሪያው ያለው አየር ነው። የመጭመቅ ምጥጥኑ የብረት ልክ ስለሆነ የትም ቢኬድ 9.5 ነው፤ በጅቡቲም በእንጦጦም አይለወጥም። የሚለወጠው የሚጨመቀው ነው። ሩብ የጎደለውን አየር በ9.5 ብትጨምቀው ሩብ የጎደለ ግፊት ታገኛለህ። ወጣቱ መካኒክ እዚህ ላይ ጥሩ ጥያቄ ጠየቀ፦ ምጥጥኑ 9.5 ከሆነ መጽሐፉ እንዴት 12.5 ይጠብቃል? አየር ሲጨመቅ ይሞቃል፤ ሙቀቱ ራሱ ግፊት ይጨምራል። ለዚህ ነው ሁለቱ ቁጥሮች የማይገናኙት፤ ብዙ ሰውም ያምታታቸዋል።

ሒሳቡ የአንድ መስመር ነው። አዲስ ሞተር በባሕር ጠለል 12.5 ካሳየ፣ በ0.75 ሲባዛ እዚህ 9.4 ያሳያል። ከዚያ በታች ሞተሩ ይከፈት የተባለው 10 ደግሞ 7.5 ይሆናል። የጋሼ ሞተር 9.0፣ 8.9፣ 8.6፣ 9.0 ነው። ከአዲስ ሞተር ትንሽ ያነሰ፣ ከሞት ግን በጣም የራቀ። በሲሊንደሮቹ መካከል ያለው ልዩነት 0.4 ብቻ ነው፤ የሚፈቀደው 1 ኪሎ በ0.75 ተባዝቶ እንኳ በቂ ቦታ ይተውለታል። ለማረጋገጥ በሦስተኛው ሲሊንደር ጥቂት ዘይት ጨምረን ደግመን ለካን። የፒስተን ቀለበቶቹ ያለቁ ቢሆኑ ዘይቱ ክፍተቱን ደፍኖት ቁጥሩ ይዘል ነበር። ከ8.6 ወደ 8.9 ብቻ ወጣ።

ልጁ መለኪያውን እያገላበጠ ረጅም ጊዜ ቆየ። «እኔ እኮ» አለ በመጨረሻ፣ «የምለካቸው መኪናዎች ሁሉ ስለሚያንሱብኝ መለኪያው የተበላሸ መስሎኝ ሁለተኛ ገዛሁ።» አውጥቶ አሳየን፤ ገና ከካርቶኑ ያልወጣ ነበር ማለት ይቻላል። ያ መለኪያ ከማንኛውም ማብራሪያዬ በላይ ነገሩን ይናገራል። መጽሐፉ በገጹ ላይ የከፍታ ነገር አላነሳም፤ ጻፊዎቹ ምናልባት ትዝም አላላቸው። እኔም ብሆን በክፍል ውስጥ ከፍታ ጉልበት እንደሚቀንስ ደጋግሜ አስተምሬያለሁ፤ የኮምፕሬሽን መለኪያውም አብሮ እንደሚቀንስ ግን በግልጽ ሰሌዳ ላይ ጽፌ እንደሆነ አላስታውስም።

ጉልበቱም በዚያው ሒሳብ ነው የሚሄደው። 129ኙ እዚህ 97 ገደማ ይሆናል፤ 175ቱ ኒውተን ሜትር 131። በሌላ አባባል፣ በሊብሬው 1,998 ሲሲ የተባለው ሞተር አዲስ አበባ ላይ የሚተነፍሰው አየር፣ አንድ የ1,500 ሲሲ ሞተር ወደብ ላይ የሚተነፍሰውን ያህል ነው። እንጦጦ ጫፍ ላይ ከዚያም ያንሳል። አንድ ሺህ ሲሲ የሆኑት ትናንሽ መኪናዎች አምስት ሰው ጭነው ዳገት ላይ ለምን እንደሚለምኑ፣ ተርቦ ያላቸው ናፍጣዎች ግን ለምን ብዙ እንደማይሰማቸው ከዚህ ይገባል፤ ተርቦ የጎደለውን አየር ራሱ ይገፋል። የዴንቨሩ ልጅ ይህን ሲሰማ እዚያም ከተማው 1,600 ሜትር ላይ ስለሆነ 85 ኦክቴን የሆነ (ያለ ጊዜው መፈንዳትን የመቋቋም ልኩ ዝቅ ያለ) ቤንዚን እንደሚሸጥ ነገረን። እውነት ነው፤ አየሩ ከሳሳ ነዳጁ ያለ ጊዜው የመፈንዳት አደጋው ይቀንሳል።

እስካሁን ያለው ሁሉ ሞተሩን ከመቃብር አዳነው እንጂ የጋሼን አቤቱታ አልመለሰም። ይህን ወጣቱ መካኒክ ሳይሆን ጋሼ ናቸው ያነሱት። «ልጄ» አሉኝ፣ «እንጦጦ ባለፈው ዓመት አልተነሳም። በዚያው ከፍታ በሁለተኛ ማርሽ እወጣ ነበር።»

ልክ ናቸው። ከፍታ የመለኪያውን ቁጥር ያስረዳል፤ በአንድ ዓመት ውስጥ የጠፋውን ጉልበት ግን አያስረዳም። እንዲህ ዓይነት ጉዳይ ላይ የሚፈጠረው ሁለተኛው ስሕተት ይህ ነው። አንዴ «ከፍታው ነው» የሚል መልስ ከተገኘ ሁሉም ነገር በእሱ ይሸፈናል፤ እኔም ልሸፍነው ተቃርቤ ነበር። ስለዚህ ጥያቄውን ለወጥነው፦ ባለፈው ዓመት ምን ተነካ? ጋሼ ደብተር የሚይዙ ሰው ናቸው። ፈልገው አገኙት። ዲስትሪቢውተሩ፣ ለካንዴላዎቹ እሳት የሚያከፋፍለው ክፍል፣ በጎማ ቀለበቱ በኩል ዘይት ያንጠባጥብ ስለነበር አንድ ሌላ ጋራዥ አውጥቶ ቀለበቱን ቀይሮ መልሶታል። የዚህ ሞተር የተለመደ ጉዳት ነው፤ ሥራውም የግማሽ ሰዓት ነው።

ዲስትሪቢውተር ወጥቶ ሲመለስ ግን የእሳቱ ታይሚንግ፣ ማለትም ካንዴላው እሳት የሚሰጥበት ቅጽበት፣ እንደገና መስተካከል አለበት። ለ3ኤስ-ኤፍኢ ልኩ ፒስተኑ ጫፍ ከመድረሱ 10 ዲግሪ ቀደም ብሎ ነው። እዚህ 10 ዲግሪ ላይ ግን ቅድመ ሁኔታ አለ፤ ብዙ ሰው የሚዘለው እሱን ነው። ሞተሩ ሲሠራ ኮምፒውተሩ በራሱ ፈቃድ እሳቱን ያስቀድማል። መነሻውን ብቻ ለማየት፣ በሞተሩ ክፍል ውስጥ ባለችው ትንሽ ጥቁር የምርመራ ሳጥን ላይ «ቲኢ1» እና «ኢ1» የተባሉትን ቀዳዳዎች በቁራጭ ሽቦ ማገናኘት ያስፈልጋል። ያኔ ኮምፒውተሩ እጁን ያነሳል። ሽቦው ካልተገናኘ ታይሚንግ በሚለካበት መብራት ላይ የሚታየው የሰውና የኮምፒውተር ድምር ነው፤ ያንን ድምር 10 ለማድረግ ዲስትሪቢውተሩን ያዞረ ሰው መነሻውን ወደ ኋላ ጎትቶታል ማለት ነው።

የታይሚንግ መብራቱን አገናኘን። ያለ ሽቦ፣ 10 ዲግሪ፤ ድንቅ። ሽቦውን አስገባን፤ ምልክቱ ዓይናችን እያየ ወደ 2 ወረደ። እሳቱ ለአንድ ዓመት ያህል በ8 ዲግሪ ዘግይቷል። የዘገየ እሳት ጉልበቱን ለፒስተኑ ሳይሆን ለማርሚታው ይሰጣል፤ ነዳጅ ይበላል፣ ዳገት ላይ ያቃስታል፣ አያጨስም፣ የማስጠንቀቂያ መብራትም አያበራም፤ ኮምፒውተሩ ስሕተት መሆኑን የሚያውቅበት መንገድ የለውም። በቀጭን አየር ደግሞ ጉዳቱ ይብሳል፤ ቃጠሎው ስለሚዘገይ ሞተሩ እሳቱ ይበልጥ እንዲቀድምለት ይፈልጋል እንጂ እንዲዘገይ አይፈልግም። ልጁ የዲስትሪቢውተሩን ቡሎን አላልቶ በጣቱ ገፋ አደረገው፤ ምልክቱ 10 ላይ ሲቆም አጠበቀው። ይኸው ነው። ከቺንጊያው ሌላ አንድም መለዋወጫ አልተገዛም።

የወጣቱ ጥርጣሬ ግን ሙሉ በሙሉ አልወጣለትም ነበር፤ እኔም በዚህ ወደድሁት። ከሁለት ሳምንት በኋላ ጋሼ ለቅሶ ለመድረስ ወደ አዳማ ሲወርዱ እኅቱ እዚያ ስላለች አብሯቸው ሄደ፤ መለኪያውንም በጨርቅ ጠቅልሎ ያዘ። አዳማ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ናት። በፈጣኑ መንገድ ወርደው፣ ሞተሩ እንደሞቀ፣ በእኅቱ ግቢ ውስጥ ካንዴላዎቹን አውጥቶ ለካው፦ 9.8፣ 9.7፣ 9.4፣ 9.8። ማንም ምንም አልነካውም፤ ሰማንያ ኪሎ ሜትር ወደ ታች መንዳት ብቻ ነበር። ስልክ ደውሎ ቁጥሮቹን ሲነግረኝ ድምፁ ውስጥ ደስታም ቁጭትም ነበር። መተሐራ ብንወርድ ከ10 ያልፍ ነበር አለኝ፤ ማባዛቱን ራሱ ሠርቶታል፣ ልክም ነው። ቁጭቱ ስለ ምን እንደሆነ አልጠየቅሁትም። እስከ ዛሬ ከ10 በታች ናቸው ብሎ ያወረዳቸውን ሞተሮች እየቆጠረ ይመስለኛል።

በዚህ ጉዳይ ቢኖረን ኖሮ የሚሻለው መሣሪያ ሌላ ነበር፤ በተጨመቀ አየር ሲሊንደሩን ሞልቶ በመቶ ስንቱ እንደሚያፈስ የሚለካው። እሱ አየሩን የሚያገኘው ከኮምፕሬሰር በተወሰነ ግፊት ስለሆነ የከፍታ ነገር ብዙም አያሳስበውም፤ ደግሞም አየሩ በቀለበት ይሁን በቫልቭ የሚያመልጥበትን በጆሮ ያሰማል። ያ ግን ሁሉም ጋራዥ ውስጥ የለም። የሌለው ሰው በየትኛው ከፍታ ላይ እንደቆመ ይወቅና ያባዛ።

ጋሼ ለበዓሉ እንጦጦ ወጥተው ተመለሱ። በሁለተኛ ማርሽ ነው የወጣሁት አሉ፤ ግን መጨረሻው ጠመዝማዛ ላይ ትንሽ ተቸግራለች፣ ያን ድሮም ታደርገው ነበር። ቤንዚኑን በደብተራቸው እየጻፉ ነው። ቺንጊያው ተቀይሯል፤ የቴስታታው ሽፋን ጎማ አሁንም ላብ ያህል ዘይት ያወጣል፣ ይቆየን ብለናል። የሚከታተሉት ሦስተኛውን ሲሊንደር ነው። 8.6 ላይ ነው፤ በየሁለተኛው የዘይት ቅያሪ በዚያው ጋራዥ፣ በዚያው መለኪያ ይለካል፤ ወደ 7.5 ከተጠጋ ያኔ ስለ ሞተር ማውረድ እንነጋገራለን።